ውሻዎን ይዘው ውሃ ዳር ሲወርዱ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጆች ከወትሮው ቀድመው ተነስተዋል፤ ምሳው፣ ፎጣውና ኳሱ መኪናው ላይ ተጭኗል። ጉዞው ወደ ቢሾፍቱ፣ ራቅ ካለም ወደ ላንጋኖ ነው። በዚህ መሃል ትንሹ ልጅ የግቢውን ውሻ አንገት አቅፎ «እሱም ይሂድ» ሲል ያስቸግራል። ድሮ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ውሻ በር ጠባቂ ነው፤ ቤተሰቡ ሲወጣ እሱ ይቀራል። አሁን ግን በተለይ በከተማ ውሻውን እንደ ቤተሰቡ አባል የሚያይ ሰው እየበዛ መጥቷል። እርስዎም «ይሂድ» ብለው ከሆነ፣ ከመነሳትዎ በፊት ይህን ጽሑፍ ያንብቡት።

ውሻና ውሃ ሲገናኙ ለቤተሰቡ ጥሩ መዝናኛ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውል ልጅ ውሻው ኳስ ይዞለት ሲመጣ ለመሮጥ ጉትጎታ አያስፈልገውም። በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻም ሰውነቱን ያፍታታል፤ ከሰው ጋር መግባባትን ይማራል። ይሁንና ውሃውም ውሻውም አስቀድሞ መታወቅ አለባቸው።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ እንነጋገር። በሐምሌና በነሐሴ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚለቀቁ ቪዲዮዎች ውሾች በባሕር ዳርቻ ሲንቦጫረቁ ያሳያሉ። እዚያ የሙቀት ወራት ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ክረምት ዝናብ፣ ጭቃና ጎርፍ ነው። ለእኛ የውሃ ጨዋታ ጊዜ በጋው ነው፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ። በክረምት ውሻዎን ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ቦይ አይውሰዱት። ደራሽ ውሃ ዋናተኛ ውሻንም ይወስዳል። ከጎርፉ ሌላ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ። አምጪው ባክቴሪያ በአይጥ ሽንት አማካኝነት በታቆረ ውሃና በጭቃ ውስጥ ይቆያል። ውሻው ሲጠጣው ወይም በቁስሉ በኩል ሲገባበት ኩላሊቱንና ጉበቱን ይጎዳል፤ በውሻው ሽንት በኩልም ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ለውሾች ክትባት ስላለው የእንስሳት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ሐይቅ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። ግቢዎ ውስጥ አንድ ሳፋ ይበቃል። ውሃውን እስከ ውሻው ቁርጭምጭሚት ያህል ብቻ ይሙሉትና የሚወደውን መጫወቻ ይጣሉበት። መጀመሪያ ዙሪያውን ያሸታል፤ ከዚያ አንድ እግሩን ያስገባል። አይጎትቱት፤ ራሱ ይግባ። በጎማ ውሃ የሚጫወቱ ከሆነ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ውስጥ የቀረው ውሃ ስለሚያቃጥል መጀመሪያ ያፍስሱት። ፊቱና ጆሮው ላይ አይርጩበት፤ ከእግሩ ይጀምሩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ባልዲ በቂ ነው፤ ሲጨርሱም አትክልት ይጠጣዋል። ልብስ የታጠበበትን የሳሙና ውሃ ግን ለዚህ አይጠቀሙ፤ ውሻ የሚጫወትበትን ውሃ መጠጣቱ አይቀርም።

ልጆች የሚወዱት ሌላም ጨዋታ አለ። የፕላስቲክ ውሃ መያዣ አፉን ቆርጠው ጨው የሌለበት የአጥንት መረቅ በውሃ አቅጥነው ይሙሉና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። ሲረጋ ፕላስቲኩን ገፈው በረዶውን ለውሻው ይስጡት። ጥላ ሥር ሆኖ ሲልሰው ግማሽ ሰዓት ያልፋል። መረቁ ውስጥ ግን ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት መኖር የለበትም። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ይህ ለበረዶው ብቻ የተነገረ እንዳይመስልዎ፤ በየቀኑ የተረፈ ወጥ ለውሻ የምንደፋ ሰዎች ብዙ ነን።

አሁን ወደ ሐይቁ እንሂድ። ሐይቆቻችን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኙት እነ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠሩ ናቸው። ከዳር ትንሽ ገባ ሲሉ መሬቱ በድንገት ይጠፋል። ዋና ለማይችል ልጅም ሆነ ለጀማሪ ውሻ አመቺ አይደሉም፤ እዚያ የዳር ለዳር ጉዞው ይበቃል። ላንጋኖ በብዙ ቦታ ቀስ በቀስ የሚጠልቅ አሸዋማ ዳርቻ አለው፤ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎም ስለሚነገርለት ዋናተኞች ይመርጡታል። ጫሞ የአዞ ሐይቅ ነው፤ ውሻ ይዘው ወደ ዳርቻው አይጠጉ። ሐዋሳ ጉማሬ አለ። በሐዋሳው አሞራ ገደል ደግሞ ዓሣ ስለሚታረድ ውሻዎን ገመድ ላይ ያቆዩት፤ መንጠቆና የዓሣ አጥንት የዋጠ ውሻ መጨረሻው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል።

ቢልሃርዚያ በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ዳርቻዎች የታወቀ በሽታ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ከሰውነቱ የሚወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ሣርና ቅጠል የበዛበትን ዳርቻ ይወዳል። ውሻው ኳሱን ሣሩ ውስጥ ጥሎት ሲመጣ ተከትሎ እስከ ጉልበቱ የሚገባው ልጅዎ ነው፤ ስለዚህ ኳሱ ይቅር። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ከቆዩ ሳምንታት በኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ሐይቅ ውስጥ ገብተው እንደነበር ይናገሩ። ሐኪሙ ካልነገሩት ላይገምት ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በሽታውም ይድናል።

ውሃው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የተንሳፈፈ ነገር ካዩ ደግሞ ውሻው እግሩንም አያስገባ። አንዳንዱ አረንጓዴ አልጌ ጉበትንና ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። በቆቃ ግድብ የዚህ ችግር መኖር በጥናት የተረጋገጠ ነው። ውሻ ከሰው ይበልጥ የሚጎዳው ውሃውን ስለሚጠጣና ከወጣም በኋላ ፀጉሩን ስለሚልስ ነው። ለምንጭና ለጅረትም የራሱ ችግር አለው፤ አልቅት። ከብት አርቢዎች በደንብ ያውቁታል። ውሻው ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ በአፍንጫው ወይም በጉሮሮው ይጣበቃል። ከጉዞው በኋላ ባሉት ቀናት ውሻዎ ካስነጠሰ፣ ካሳለ ወይም ከአፍንጫው ደም ከወጣ ይህን ያስቡ። መፍትሔው የሚጠጣውን ውሃ ከቤት ይዞ መሄድ ነው።

ዋናውን እንዴት ያስጀምሩታል? ውሻ ሁሉ ዋና ያውቃል የሚባለው ትክክል አይደለም። አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆኑና እግራቸው አጭር የሆኑ የውጭ ዝርያዎች ቶሎ ይሰምጣሉ። የአገራችን ውሻ ቀለል ያለ ሰውነት ስላለው ይቀዝፋል፤ ግን ውሃ የማያውቅ ውሻ ሲደነግጥ የፊት እግሮቹን ብቻ ውሃው ላይ እያጨበጨበ ኃይሉን ይጨርሳል። አንድ ጊዜ ሐይቅ ዳር አንድ ጎልማሳ ውሻውን ተሸክሞ ወደ ጥልቁ ሲወረውረው አይቻለሁ። ሰዉ ሳቀ። ውሻው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተደብቆ ዋለ። እንዲህ አያድርጉ። ከአምስት እስከ አሥር ሜትር የሚረዝም ቀላል ገመድ ከአንገቱ ሳይሆን ደረቱን ከሚይዝ ማሰሪያ ጋር ያያይዙ። እርስዎ ቀድመው ይግቡ፤ ይጥሩት። ውሃው ሆዱ ጋ ሲደርስ ያሞግሱት። እግሩ መሬት ሲለቅ በአንድ እጅዎ ከሆዱ ሥር ደገፍ ያድርጉት፤ የኋላ እግሮቹ ከፍ ሲሉ መቅዘፍ ይጀምራል። ለመጀመሪያ ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ ለሰው እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለውሻውም የሕይወት አድን ጃኬት ያስፈልገዋል፤ ካላገኙ ዳር ላይ ይቅር።

የሚወረውሩለት ዕቃ የሚንሳፈፍና ከጉሮሮው የሚተልቅ ይሁን። እንጨት አይወርውሩ፤ የተሰነጠቀ እንጨት አፍና ጉሮሮ ይወጋል። ጥቂት ጊዜ ከወረወሩ በኋላ ያሳርፉት። ውሻ አፉን ከፍቶ ኳስ ሲያመጣ በየዙሩ ውሃ ይውጣል። ውሃው ሲበዛ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ አንጎሉም ያብጣል። ሆዱ ተነፍቶ፣ አስታውኮ፣ እየተንገዳገደ ከመጣ ደክሞት ነው ብለው አያልፉት፤ በፍጥነት ሐኪም ጋ ይውሰዱት።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ብዙ ወላጆች «ውሻው አብሯቸው አለ» ብለው ይዘናጋሉ። የሚዋኝ ውሻ አጠገቡ ያለውን ሰው እንደ መሸጋገሪያ ነው የሚያየው፤ ትከሻው ላይ ይወጣል፤ በጥፍሩ ይቧጭራል፤ ትንሽ ልጅ ከሆነ ወደ ታች ይደፍቀዋል። ስለዚህ ልጅና ውሻ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አብረው አይግቡ። ዳር ላይም ቢሆን እጁን ዘርግቶ ልጁን ሊይዝ በሚችል ርቀት ላይ አንድ አዋቂ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው።

ሙቀቱም አይዘንጋ። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚበርደው በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ40 ካለፈ አደጋ ጀመረ ማለት ነው። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን አይተዉት። አሸዋው ላይ ከመልቀቅዎ በፊት የእጅዎን ጀርባ ለጥቂት ሰከንዶች ያስቀምጡበት፤ ለእርስዎ ካቃጠለ መዳፉንም ያቃጥለዋል። ሳያቋርጥ ካለከለከ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ድዱ በጣም ከቀላና ከተንገዳገደ ጥላ ሥር አስተኝተው ቀዝቃዛ ውሃ ሰውነቱ ላይ እያፈሰሱ ያራግቡለት። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ሙቀቱን ያፍነዋል። ከዚያ ሐኪም።

እስካሁን ያልነው በአብዛኛው ውሻዎ ላይ የሚደርስ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ሰው ይገድላል።

የእብድ ውሻ በሽታ በሕክምናው ዓለም ከጥንት ጀምሮ የሚጠራበት አንዱ ስም «ውሃ ፍራቻ» ማለት ነው። በሽታው የያዘው ሰው ውሃ ለመጠጣት ሲሞክር የጉሮሮው ጡንቻ ተኮማትሮ ስለሚያስጨንቀው ብርጭቆ ሲያይ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው ዘንድ የሰረጸ አንድ እምነት አለ፤ ውሃ የሚጠጣ ወይም ውሃ ውስጥ የሚገባ ውሻ አላበደም የሚል። ይህ ስህተት ነው። ውሃን መፍራት በሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው። ያበደ ውሻ ውሃን አይፈራም፤ ለመጠጣት ይሞክራል፤ ወንዝ ሊሻገርም ይችላል። ሐይቅ ዳር ወደ ልጆችዎ የመጣን ባለቤት የሌለው ውሻ «ውሃ ጠጥቷልና ጤነኛ ነው» ብለው አይቅረቡት።

ሌላው ስህተት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በሽታው ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም። አንዳንዱ ውሻ ይፈዛል፤ ጥግ ይይዛል፤ የታችኛው መንጋጋው ይወድቃል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ድምፁ ይለወጣል። ውሃ ይቀርብለታል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን ጊዜ ርኅሩኅ ባለቤት «አጥንት ሰንቆት ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ድረስ ይሰዳል። ቫይረሱ ያለው ምራቁ ውስጥ ነው። እጅ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ በዚያ በኩል ይገባል። መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጅዎን አይክተቱ፤ ለብቻው ዘግተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጉዳት 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ደግሞ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ ጊዜውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ውሻ ልጅዎን ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡት። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲባል ሰዓት እያዩ ነው፤ ልጅ እያለቀሰ ሁለት ደቂቃም አሥር ይመስላል። ቁስሉ ላይ ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል አያድርጉ፤ አይሰሩት። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሄደው ክትባቱን ያስጀምሩ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ «ቁስሉ ድኗል» ብለው ከመሃል አያቋርጡ። ጠበል የሚሄድ ቤተሰብም ክትባቱን ጎን ለጎን ያስኬድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው ከሆነ አይግደሉት። ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። ሲነክስ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ውሻው እስኪለይለት ግን የልጁ ክትባት አይዘገይም። ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆመው ይችላል፤ ያን የሚወስነው እሱ ነው። የራስዎ ውሻ ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ተከትቦ ከዚያም በየዓመቱ መደገም አለበት። የክትባት ደብተሩን ከምሳ ዕቃው ጋር መኪና ውስጥ ያስገቡት። ክትባቱ ያለፈበት ውሻ እቤቱ ይቆይ፤ ልጁ ቢያለቅስም በሚቀጥለው ጊዜ ይሄዳል።

ከጉዞ ሲመለሱ ውሻውን በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት። ጆሮውን በደረቅ ጨርቅ ከውጭ ብቻ ያድርቁ፤ እርጥበት የቀረበት ጆሮ ይቆስላል፤ በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት ግን ውስጡ አይስደዱ። በማግስቱ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ጆሮውን ካከከ ሐኪም ያሳዩት፤ ለሰው የታዘዘ የጆሮ ጠብታ አይጨምሩለት። በጣቶቹ መሃል መዥገር ወይም እሾህ እንዳለ ይመልከቱ።

ልጆችም ፊታቸውን ያስለሱት ይሆናል፤ እጃቸውንና ፊታቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ቄራ አካባቢ ወይም በበዓል ሰሞን ጥሬ ሳንባና ጉበት የሚጣልለት ውሻ በአንጀቱ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ሊኖረው ይችላል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ሰገራ ወደ ፀጉሩ፣ ከፀጉሩ ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ሰው ውስጥ ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት እየሠራ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ለውሻው የሚሰጠው የትል መድኃኒት፣ የሚገርመው፣ ያው ከላይ ለቢልሃርዚያ የጠቀስነው ፕራዚኳንቴል ነው። መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪሙ በውሻው ክብደት ያስላው። ጥሬ ሳንባና ጉበቱንም ከሚጥሉለት ቀቅለው ይስጡት።